ስለ መኪና ባትሪና ስለ ድምፅ ማጉያ ዓይነቶች ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ለታሪክ ጥናት የሚበቃ አይመስልም። የመኪና ድምፅ ማጉያ በጋራዥና በሱቅ የሚነገርለት ዕቃ እንጂ በቤተ መጻሕፍት የሚመረመር ጉዳይ አይደለም ያሉን ጓደኞች ነበሩ። እኛ ግን ወደዚህ ጥናት የገባነው በአንድ ተራ ክርክር ምክንያት ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት የሚኒባስ ታክሲ ባለቤት ናቸው። እኒህ ሰው ክዳኑ ላይ «1200 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን አምፕሊፋየር ገዝተው ከመቀመጫ ሥር አስገጠሙ። ሻጩም «ይኸ ክላስ ኤቢ ነው፤ ያኛው ክላስ ዲ ነው፤ የቱ እንደሚበልጥ ፊደሉ ራሱ ይናገራል» ብሎ አስረድቶአቸው ነበር። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ታክሲው ተራ ይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሙዚቃው እየተሰማ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቈየ በኋላ ሰው ሞልቶ ሊነሣ ሲል ባትሪው አልቆ ተገኘ። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ መኪና ያዘ፤ ሾፌሩና ረዳቱም መኪናውን ገፉት። ባለቤቱ በባትሪው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዲናሞው፣ ሻጩ ደግሞ በሽቦው አመካኘ። ከሦስቱ ማን ልክ እንደ ሆነ ለማወቅ ስንፈልግ ጥያቄው ከሱቁ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካውም ወደ 1930 ወሰደን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ይገባናል። በአማርኛ «ድምፅ ማጉያ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ወደ አየር የሚለቀው ዕቃ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከእርሱ በፊት ሆኖ የኤሌክትሪኩን ኀይል የሚያበረታው ዕቃ ይጠራበታል። እኛ የመጀመሪያውን ስፒከር፣ ሁለተኛውን አምፕሊፋየር ወይም ማጉያ እንለዋለን። የምናጠናው ሁለተኛውን ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ያገኘነውንም ነገር ሳንደብቅ አስቀድመን እንናገራለን፤ ይኸውም በመኪና ውስጥ የአምፕሊፋየር ዓይነት በየጊዜው የተለወጠው ጆሮ የተሻለ ድምፅ ስለ ፈለገ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ይልቅ ባትሪው ትንሽ፣ ቮልቱም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ነው።

አምፕሊፋየር ድምፅን ከምንም አይፈጥርም። የመስኖ ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ ወንዙን አልፈጠረም፤ በቦዩ አፍ ላይ ያለውን መዝጊያ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ። እንደዚሁም ከሬዲዮው ወይም ከካሴቱ የሚመጣው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የገበሬው እጅ ነው፤ ባትሪው ወንዙ ነው፤ አምፕሊፋየሩ መዝጊያው ነው፤ ስፒከሩም እርሻው ነው። ይህን ምሳሌ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ፊት የምንናገረው ሁሉ መዝጊያው እንዴት ይከፈታል፣ እንዴትስ ይዘጋል ከሚለው ጥያቄ አይወጣምና።

የመጀመሪያው መዝጊያ ከብርጭቆ የተሠራ፣ አየሩ የወጣለት፣ እንደ አምፖል የሚግል ዕቃ ነበር። ሊ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በ1906 የሠራው ሦስት ክፍል ያለው ብርጭቆ የዚህ ዘር አባት ነው። እንግሊዞች ቫልቭ ብለው መጥራታቸው መዝጊያነቱን ስላዩ ነው። ቫልቭ ግን አንድ ከባድ ዐመል አለው፤ በደንብ እንዲሠራ ከመቶ ቮልት በላይ ይፈልጋል። በ1930ዎቹ የነበረው የመኪና ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 6 ቮልት ብቻ ነበር። እንግዲህ የመኪና ድምፅ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ አለመመጣጠን ነው።

በሰኔ 1930 ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ በገዛ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ገጥሞ ወደ አትላንቲክ ሲቲ ወደ ሬዲዮ ሠሪዎች ጉባኤ ነድቶ ሄደ። ይህ ሬዲዮ ሞቶሮላ ተባለ፤ በኋላም በ1947 ድርጅቱ ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ይደርስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ የፎርድ መኪና ከ600 ዶላር በታች ይገኝ እንደ ነበር ስናስብ ሬዲዮ ማስገጠም የድሃ ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን። በአውሮፓም በ1932 በርሊን ውስጥ የተሠራው የብላውፑንክት ኤኤስ 5 ዋጋው 465 ማርክ፣ ክብደቱም ወደ 15 ኪሎ ያህል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቫልቩን ከፍተኛ ቮልት ለማግኘት ከመኪናው ወለል ሥር ተጨማሪ ደረቅ ባትሪዎች ይቀበሩ ነበር። እነዚህ ደረቅ ባትሪዎች ሲያልቁ ዲናሞ አይሞላቸውም፤ ተጥለው ሌላ መግዛት ግድ ነበር። ለጥቂት ሰዓት ዘፈን በየጊዜው የሚከፈል ግብር ማለት ነው።

ከዚህ ችግር ያወጣቸው ቫይብሬተር የሚባል ትንሽ የብረት ጣሳ ነው። በጣሳው ውስጥ አንድ የብረት ምላስ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ የባትሪውንም ጅረት በሴኮንድ ወደ 115 ጊዜ ያህል እያቋረጠ ይለቀዋል። ጅረቱን መቈራረጥ ለምን አስፈለገ? ቮልት የሚያሳድገው ትራንስፎርመር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጸጥ ብሎ ለሚፈስ ጅረት አይታዘዝምና ነው። የተቈራረጠው ጅረት ግን በትራንስፎርመር ውስጥ ሲያልፍ 6 ቮልት የነበረው 200 ቮልትና ከዚያ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም ተስተካክሎ ለቫልቮቹ ይሰጣል። የጋራዥ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ የቤንዚን መኪና ከድሮ ጀምሮ በፑንቲናና በቦቢና ይህንኑ ያደርግ ነበርና። ፑንቲናው የባትሪውን ጅረት ይቈርጣል፤ ቦቢናው ብዙ ሺህ ቮልት አድርጎ ወደ ካንዴላው ይልካል። ስለዚህ ሬዲዮው ከሞተሩ የተማረው ነገር ነበረ ማለት እንችላለን። ይሁን እንጂ አስተማሪው ጠላትም ነበር፤ የካንዴላው ፍንጣሪ በሬዲዮው ውስጥ እየገባ ይንጫጫ ስለ ነበር የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎች ከሬዲዮው ይልቅ ይህን ጫጫታ በማፈን ብዙ ደክመዋል። የቫይብሬተሩም ዕድሜ አጭር ነበር፤ የሚነካካው ጫፍ ይቃጠላል፣ ይጣበቃል፤ ሲሠራም እንደ ንብ የሚጮኸው ድምፁ ይሰማል።

በዚያን ዘመን በነበሩት ተራ የመኪና ሬዲዮዎች ስፒከሩን የሚነዳው አንድ ቫልቭ ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም ዛሬ ክላስ ኤ በምንለው ዘዴ ነው። በክላስ ኤ መዝጊያው ምንም ድምፅ ባይኖር እንኳ ሁልጊዜ እኩሌታ ተከፍቶ ይኖራል። ምልክቱ ሲመጣ ከዚያ እኩሌታ ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። መዝጊያው ፈጽሞ ስለማይዘጋ ድምፁ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ሌሊትና ቀን ይፈስሳል። በሒሳብ ስንመለከተው በትራንስፎርመር የተገናኘ ክላስ ኤ ከሁሉ የተሻለ ሲሆን ከወሰደው ኀይል እኩሌታውን፣ ማለት 50 በመቶውን፣ ለስፒከሩ ይሰጣል፤ በተራ አሠራር ከሆነ 25 በመቶውን ብቻ። ይህም ድምፁ በጣም ሲጮህ ነው። ዝም ሲል የሚወስደው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በዚህ ላይ የቫልቮቹ ማጋያ ክር የሚበላው አለ፤ ቫይብሬተሩ የሚያባክነው አለ። ከሞተር ማስነሻው ቀጥሎ የመኪና ባትሪ ጠላት ሬዲዮ ነው ተብሎ ቢነገር ውሸት አልነበረም።

በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተገኘ። የሠሩትም ባርዲን፣ ብራቴንና ሾክሊ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ትራንዚስተር በቤት ሬዲዮ ውስጥ ያመጣው ጥቅም ትንሽነቱ ነበር፤ በመኪና ውስጥ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከፍተኛ ቮልት አይፈልግም። በጊዜው የመኪና ሠሪዎችም ባትሪውን ከ6 ወደ 12 ቮልት እያሻገሩ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ በመንገድ ተገናኙ። በ1955 የክራይስለር ድርጅት ከፊልኮ ጋር ሆኖ ቫልቭ የሌለው፣ በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ የመኪና ሬዲዮ ለ1956 ሞዴሎቹ በ150 ዶላር አቀረበ። ሌሎቹ በዚህ ዋጋ ስለ ደነገጡ መካከለኛ መንገድ መረጡ፤ በ12 ቮልት ብቻ የሚሠሩ አዲስ ቫልቮች ከፊት፣ አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ከኋላ ሆኖ ስፒከሩን እንዲነዳ አደረጉ። ይህ ቅልቅል ጥቂት ዓመት ብቻ ቢቈይም ቫይብሬተሩን ከመኪና ያስወጣው እርሱ ነው።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር፣ መዝጊያው ከብርጭቆ ወደ ጀርማኒየም ቢለወጥም ዘዴው ያው ክላስ ኤ ሆኖ መቅረቱን ነው። አንድ ትራንዚስተር 4 ዋት ድምፅ እንዲሰጥ ቢፈለግ፣ ቢያንስ 8 ዋት ያህል ሁልጊዜ መውሰድ አለበት፤ ዜና አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ። ጀርማኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከታዘዘው በላይ ያሳልፋል፤ በላይ ሲያሳልፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ እንዲህ እያለ ራሱን ያቃጥላል። በዚያን ዘመን ከተሠሩት ሬዲዮዎች በስተኋላ ትራንዚስተሩ የታሰረበት ክንፍ ያለው ወፍራም አሉሚኒየም የሚታየው ስለዚህ ነው። ለጌጥ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው።

በ1960ዎቹ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው ቴፕ ነው፤ ፎርድ ለ1966 ሞዴሎቹ ባለ ስምንት መስመር የቴፕ ማጫወቻ በመኪና ውስጥ አቀረበ፤ በ1963 ፊሊፕስ ያወጣው ትንሹ ካሴትም ቀስ ብሎ ተከተለው። ሁለተኛው ስቴሪዮ ነው፤ ስቴሪዮ ማለት ሁለት አምፕሊፋየር ማለት ነው። ክላስ ኤን በሁለት ማባዛት ሙቀቱንም በሁለት ማባዛት ሆነ። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ትራንዚስተሮች ተከፈለ፤ አንዱ ምልክቱ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ ይከፍታል፤ ዝም ሲባል ሁለቱም ይዘጋሉ። ይህ ክላስ ቢ ነው፤ በሒሳብ እስከ 78.5 በመቶ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በቫልቭ ዘመንም ባትሪ ለመቈጠብ አንዳንድ ሠሪዎች ሞክረውታል። ጉድለቱ በርክክቡ ላይ ነው። አንዱ ዘግቶ ሌላው እስኪከፍት ድረስ ለቅጽበት ሁለቱም ዝግ ስለሚሆኑ ዝቅ ያለ ድምፅ ላይ የመቧጨር ዐይነት መበላሸት ይሰማል። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ ሁለቱም ትራንዚስተሮች ዝም ሲባል በጥቂቱ ገርበብ ብለው እንዲቈዩ ተደረገ። ክላስ ኤቢ ይህ ነው፤ የሁለቱ ዘዴዎች ስምምነት።

እዚህ ላይ ለሻጩ መልስ መስጠት እንችላለን። የክላስ ፊደሎች በትምህርት ቤት እንደሚሰጠው ውጤት ደረጃን አያሳዩም። ኤ ማለት እጅግ በጣም ጥሩ፣ ዲ ማለት ለጥቂት ያለፈ ማለት አይደለም። ፊደሎቹ ዘዴዎቹ በየተራ ሲወጡ የተሰጡ ስሞች ናቸው። እንደዚሁም ዲ «ዲጂታል» ለማለት የተጻፈ የሚመስላቸው አሉ፤ እርሱም ስሕተት ነው።

በ1970ዎቹ ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ የሲሊኮን ቅንጣት ላይ ማስፈር ስለ ተቻለ አምፕሊፋየሩ በሙሉ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ሆነ። አምስት እግር ያለው ቲዲኤ 2003 የሚባለውን በአሮጌ ካሴት ማጫወቻዎች ውስጥ ያላየ የሬዲዮ ጠጋኝ አይኖርም። የሠሪው ጽሑፍ በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር 6 ዋት ይሰጣል ይላል፤ ያውም 10 በመቶ የድምፅ መበላሸት ተፈቅዶለት። ለምን 6 ብቻ? የቅንጣቱ ድክመት አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው 14.4 ቮልት ያህል ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ላይ 7.2፣ ወደ ታች 7.2 ቮልት ብቻ መሄድ ይችላል። ይህን በራሱ አባዝተን ለሁለት ጊዜ 4 ኦም ብናካፍለው 6.48 ዋት እናገኛለን። ከዚህ በላይ ንጹሕ ድምፅ የሚሰጥ አምፕሊፋየር በዚህ ዘዴ ሊሠራ አይችልም፤ ወንዙ ራሱ ያን ያህል ነው።

ከዚህ አጥር የሚያሻግሩ ሁለት መንገዶች ተገኙ። የመጀመሪያው ድልድይ ይባላል። ሁለት አምፕሊፋየሮች በስፒከሩ ግራና ቀኝ ሆነው አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ስለዚህ ስፒከሩ የሚያየው ቮልት እጥፍ፣ ኀይሉም አራት እጥፍ ይሆናል፤ 6.48 የነበረው ወደ 26 ዋት ይጠጋል። ዛሬ በጋቢናው ፊት የሚገጠሙት ማጫወቻዎች ከሞላ ጐደል ሁሉም እንዲህ ናቸው። በግንባራቸው ላይ ግን 26 አይጻፍም፤ «50 ዋት በ4» ይጻፋል። ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ሠሪዎቹ ምልክቱን ከመጠን በላይ ገፍተው ጫፉ በሙሉ እስኪቈረጥ፣ ማዕበሉም እንደ ግንብ አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ ይወስዱታል። ያን ጊዜ 14.4ን በራሱ አባዝተን ለ4 ብናካፍል 51.84 ዋት ይሆናል። ሒሳቡ እውነት ነው፤ ድምፁ ግን ሊሰማ የማይገባ ጩኸት ነው። ቍጥሩ የፊዚክስ ሕግ ሳይጥስ ገዢውን ያታልላል፤ እኛም ይህን ባሰላን ጊዜ ተገረምን፣ ትንሽም ሳቅን።

ሁለተኛው መንገድ ለታሪክ ተመልካች እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በ1973 ጂም ፎስጌት የተባለ ሰው በአሪዞና ከሬዲዮው ተለይቶ የሚቆም የመኪና አምፕሊፋየር መሸጥ ጀመረ፤ በዚያው ዘመን ሌሎችም ተነሡ። እነዚህ የተለዩ አምፕሊፋየሮች 50፣ 100፣ ከዚያም በላይ ንጹሕ ዋት ለመስጠት ሲፈልጉ 14.4 ቮልት አልበቃቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? የባትሪውን ጅረት ቈራርጠው በትራንስፎርመር አሳለፉት። ይህ ከሃያ ዓመት በፊት ከመኪና የተባረረው ቫይብሬተር ነው! ልዩነቱ የሚቈርጠው የብረት ምላስ ሳይሆን ትራንዚስተር መሆኑና የሚቈርጠውም በሴኮንድ 115 ጊዜ ሳይሆን ብዙ ዐሥር ሺህ ጊዜ መሆኑ ነው። መቈራረጡ በፈጠነ መጠን ትራንስፎርመሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ቡጢ የሚያህለው ብረት ቀርቶ በመዳፍ የሚያዝ የቀለበት ቅርጽ ያለው ዕቃ በቃ። በ1980ዎቹ ቲኤል 494 የሚባለው የመቈጣጠሪያ ቅንጣትና ሞስፌት የሚባሉት ፈጣን ትራንዚስተሮች ይህን ሥራ ተራ አደረጉት። ዛሬም የተበላሸ አምፕሊፋየር ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ድምፁን የሚያጐላው ክፍል ሳይሆን ይኸው ቈራጩ ነው።

እንግዲህ ጅረት ቈርጦ ቮልት ማሳደግ ከተቻለ፣ ድምፁንስ ራሱን በመቈራረጥ ማጕላት አይቻልም ወይ? ክላስ ዲ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ወደ መስኖው እንመለስ። መዝጊያ ሲሞቅ የሚኖረው እኩሌታ ተከፍቶ ውሃውን እየታገለ ሲያሳልፍ ነው። ፈጽሞ ሲዘጋ የሚያልፍ የለም፤ ፈጽሞ ሲከፈት የሚታገል የለም። ስለዚህ ገበሬው እኩሌታ ውሃ ሲፈልግ መዝጊያውን እኩሌታ ከመክፈት ይልቅ፣ እኩሌታውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፍታል፣ እኩሌታውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ይህንንም እርሻው እንዳያስተውል አድርጎ እጅግ በፍጥነት ያደርጋል። በመጨረሻ ላይ ያለ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር መቈራረጡን አለስልሶ ድምፁን ብቻ ወደ ስፒከሩ ያሳልፋል። በእንግሊዝ አገር የሲንክሌር ድርጅት በ1964 ኤክስ 10 የሚባል የክላስ ዲ አምፕሊፋየር ለቤት መገጣጠሚያ አድርጎ ሸጦ ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ትራንዚስተሮች ለዚህ ሥራ ዘገምተኞች ስለ ነበሩ አልተሳካለትም። ሐሳቡ መዝጊያውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቀ።

በመኪና ውስጥ ክላስ ዲ በሰፊው የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የገባውም በዎፈር በር ነው። ወፍራም ድምፅ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ መቈራረጡ እጅግ ፈጣን መሆን አያስፈልገውም፤ ብዙ ዋት የሚፈልገውም እርሱ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ጭምር የሚያስተናግዱት በኋላ፣ ከ2000 ወዲህ፣ መጡ። አንድ አሮጌ ጠላት ግን ተመልሶ ተነሣ። በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ የሚቈራርጥ ዕቃ ራሱ እንደ ትንሽ ማሠራጫ ይሆናል፤ ጫጫታውም ልክ በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ላይ ይወድቃል። ካንዴላው በ1930 ያደረገውን አምፕሊፋየሩ ራሱ አደረገ። የኢትዮጵያ ሬዲዮን ለብዙ ዓመታት በመካከለኛ ሞገድ ለሚያደምጥ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንደ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያሉ ሠሪዎች ለመኪና ብቻ ያዘጋጁት ቅንጣት በሴኮንድ 2.1 ሚሊዮን ጊዜ ይቈርጣል፤ ከመካከለኛ ሞገድ በላይ ዘልሎ ለማለፍ ሆን ተብሎ የተመረጠ ቍጥር ነው።

የክላስ ኤቢ ወዳጆች 78.5 እና 90 በመቶ ያህል ልዩነት ለጠብ አያበቃም ይሉናል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። 78.5 የሚገኘው አምፕሊፋየሩ በሙሉ ኀይሉ ሲጮህ ብቻ ነው። ሙዚቃ ደግሞ ሁልጊዜ አይጮህም፤ ከበሮው ይመታል፣ ከዚያም ያርፋል። አማካዩ የሙሉው ኀይል አንድ ስምንተኛ ነው ብንል፣ የክላስ ቢ ሒሳብ ከ78.5 ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። ከባትሪው ከተወሰደው አራት እጅ ሦስቱ ያህል ሙቀት ሆኖ ከመቀመጫ ሥር ይቀራል ማለት ነው። ክላስ ዲ ግን በዝቅተኛ ድምፅም ቢሆን እንዲህ አይወድቅም። እውነተኛው ልዩነት በክዳኑ ላይ ከሚጻፈው ቍጥር ሳይሆን ከዚህ ነው።

ስለ ክዳኑ ቍጥር ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 የቤት አምፕሊፋየሮች ዋት እንዴት እንደሚገለጽ ደንብ አወጣ፤ የመኪናውን ግን አልነካውም። የመኪናው ሠሪዎች ሲኢኤ 2006 የሚባለውን መለኪያ ያገኙት በ2003 ነው፤ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ መበላሸቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ ይለካ ይላል። እርሱም በፈቃድ እንጂ በግድ አይደለም። ይህ ምልክት የሌለበትን ዕቃ ለመመዘን የምናውቀው መንገድ ፊውዙን ማየት ነው። የአጎታችን አምፕሊፋየር አንድ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ብቻ ነበረው። 20 በ14.4 ሲባዛ 288 ዋት ነው፤ ከዚህ በላይ ወደ ውስጥ ዘወትር ሊገባ አይችልም። ፊውዝ ለቅጽበት ከልኩ በላይ ይታገሣል፤ ይህን እናውቃለን፤ ግን 1200 ድረስ አይታገሥም። ኤቢ በጩኸቱ ጊዜ ከገባው 60 በመቶውን ቢያወጣ 173 ዋት ይሆናል፤ ከተጻፈው ሰባተኛው እጅ።

አሁን ክርክሩን እንፍታ። አንድ ስምንተኛውን፣ ማለት ወደ 22 ዋት፣ እየሰጠ የሚዘፍን ኤቢ፣ የቈራጩም ብክነት ሲጨመር፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 7 አምፔር ተኩል ያህል ይወስዳል። ክላስ ዲ ቢሆን ኖሮ 3 አምፔር ያህል ይበቃው ነበር። አሮጌ ባትሪ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ 7 አምፔር ተኩል ሲሰጥ ቈይቶ ሞተር አላስነሣም ቢል አይፈረድበትም። ዲናሞው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሚሠራው የለም፤ ሽቦውም ንጹሕ ነበር።

ይህን ስንል ክላስ ኤቢን ለማጥላላት አይደለም። የአገራችን ጠጋኝ ኤቢን በብየዳ ብረትና በአንድ መለኪያ ከፍቶ፣ የተቃጠለውን ትራንዚስተር ነቅሎ፣ ሌላ ተክቶ ይመልሰዋል። ክላስ ዲው ከሰሊጥ የማይበልጡ ቅንጣቶች ተደራርበውበት ስለ ተሠራ አንዴ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ መጣያ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ዕቃ ስንት ባትሪ ይበላል ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ከሱቁ ኤቢ ይዞ ቢወጣ ተሳስተሃል አንለውም። ድምፁን በተመለከተም በአስፋልት ላይ መስኮት ከፍቶ ለሚሄድ ሚኒባስ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሰማሁ የሚል ሰው ቢመጣ ዐይኑን ሸፍነን ልንፈትነው ዝግጁ ነን።

በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በብዙዎቹ ውስጥ መኪናውን የሚነዳው ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው። መብራቱና ሬዲዮው ግን አሁንም በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ከፍተኛው ቮልት ተቈራርጦ ወደ 12 ይወርዳል፤ የተለየው አምፕሊፋየር ደግሞ ያንኑ 12 እንደ ገና ቈርጦ ያሳድገዋል፤ ክላስ ዲ ከሆነም ድምፁን ለሦስተኛ ጊዜ ይቈርጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎች ሁለት መቶ ቮልት ፍለጋ ወለል ሥር ደረቅ ባትሪ ይቀብሩ ነበር፤ ዛሬ ወለሉ ሥር ከዚያ የበለጠ ቮልት ተኝቶ ሳለ አምፕሊፋየሩ አይደርስበትም።

አጎታችን ኤቢያቸውን አልሸጡትም። አምፕሊፋየሩን የሚያበራውን ቀጭን ሽቦ ከሬዲዮው ነቅለው ወደ ቦቢናው ከሚሄደው መስመር ጋር በቁልፉ አገናኙት፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋና ቁልፉ ሲመለስ ዎፈሩ ዝም ይላል፤ ተራ ሲጠበቅም የሚሰማው የጋቢናው ሬዲዮ ብቻ ነው።